ወደ ደብረ ኤልያስ፦ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ

ሰኞ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ደብረ ማርቆስ

ከልጄ ከስመኝ ጋር ማለዳ ከቤት የወጣነው፣ ደብረ ኤልያስ አካባቢ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ ወዳለ ኮምፒውተር ቀን ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ለመድረስ ነው። ስድስት ሲሞላ ማሽኑ የታካሚዎቹን መዝገብ በሙሉ ያጠፋል። እንዲያጠፋ ያዘዘችው ደግሞ ልጄ ናት። በስህተት ነው፤ ግን አንዴ ታዟል።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም። ስለ ኮምፒውተር የማውቀው ስመኝ እራት ላይ የምትነግረኝን ብቻ ስለሆነ፣ በገባኝ መጠን ላስረዳ። የምትሠራው የጤና ጣቢያ ማሽኖችን ከሩቅ በሚያስተዳድር ድርጅት ውስጥ ነው። ማርቆስ ያለው ትልቁ ማሽን ዋናው ሰርቨር ይባላል። በአምበር፣ በይጁቤና በደብረ ኤልያስ በኩል ባሉት ማሽኖች ውስጥ ደግሞ ክላይንት የሚሉት ፕሮግራም አለ። ማንም ሳይከፍተው፣ ማንም ሳያየው ቀንም ሌትም ይሠራል። በየግማሽ ሰዓቱ ዋናውን ሰርቨር «ምን ላድርግ?» ብሎ ይጠይቃል። የታዘዘውን ይዞ ማሽኑን ይፈትሻል፤ የተነካ ነገር ካገኘ እንደ ትእዛዙ አድርጎ ይመልሰዋል። ኔትወርክ ከጠፋም አርፎ አይቀመጥም፤ መጨረሻ የሰማውን ትእዛዝ ይዞ ይቀጥላል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስመኝ አዲስ ትእዛዝ ጽፋለች። ሰኞ ሰኞ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ፣ በማሽኑ አቆጣጠር አሥራ ሁለት ሲል፣ የማያስፈልጉ ፋይሎች ይጠረጉ የሚል ነው። የሚጠረገውን ቦታ ስትጽፍ ግን በችኮላ የታካሚዎቹ መዝገብ ያለበትን ጻፈች። እሑድ ማታ ሥራዋን ስትከልስ አየችውና ዋናው ሰርቨር ላይ አረመችው። አምበርና ይጁቤ ማረሚያውን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወሰዱ። ደብረ ኤልያስ ግን ስህተቱን ከወሰደ በኋላ፣ ዓርብ አመሻሽ ላይ፣ የአካባቢው ኔትወርክ ጠፍቷል። ስልክም አይሠራም።

«ሌላ ቦታ የተቀመጠ ግልባጭ የለውም?» አልኳት።

«ግልባጩ የሚመጣው በኔትወርክ ነው እማዬ። መስመሩ ደካማ ስለሆነ ሩቡም አልደረሰም።»

«ወረቀቱስ?»

«ወረቀት ካቆሙ ሁለት ዓመት ሆናቸው።»

አለቃዋ «ሄደሽ በእጅሽ አስተካክዪ» ብሏታል። ብቻዬን እሄዳለሁ ስትል አልሰማኋትም። ሐምሌ ነው፤ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ስልክ የለም። በሶ፣ ደረቅ ካልሲ፣ ጠበልና ሁለት ጃንጥላ ይዤ ተከተልኳት። የበሩን ቁልፍ ሦስት ጊዜ ተመልሼ ነካሁ። ሦስተኛው ላይ ስመኝ እጄን ይዛ ጎተተችኝ።

ሁለት ሰዓት ተኩል፣ መናኸሪያ

ሚኒባሱ እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቅን። ሂሳቡ በሰው ሁለት መቶ ብር ነው። ስመኝ ላፕቶፗን ደረቷ ላይ እንደ ሕፃን አቅፋ ተቀመጠች። ቁርስ አልበላችም። እኔ እንድትበላ ስል ዳቦ ቆርሼ አኘክሁ። አላየችኝም።

አስፋልቱን ለቀን ጠጠሩን ስንይዝ ዝናቡ ጀመረ። ግራና ቀኙ ለጤፍ የታረሰ ጥቁር መሬት ነው፤ ውሃ ተኝቶበት እንደ መስታወት ያበራል። በሬ የጠመዱ ገበሬዎች ዝናቡን ከቁብ ሳይቆጥሩ ያርሳሉ። ሌላ ቀን ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ ግን የማየው የመኪናውን ጎማ ነው። ጎማው በተንሸራተተ ቁጥር የፊቱን ወንበር እጨብጣለሁ።

«ልጄ፣ ቀስ በል» አልኩት ሾፌሩን።

ጥቂት ቆይቼ ደገምኩለት። ሦስተኛ ጊዜ ስናገር ከጎኔ የተቀመጡት ጨርቅ ነጋዴ ሳቁ። ሐጂ ሰይድ ይባላሉ፤ ወደ ደብረ ኤልያስ ገበያ የሚመላለሱ ሽማግሌ ናቸው።

«እመቤት፣ ከዚህ በላይ ቀስ ካለ ወደ ኋላ መሄድ እንጀምራለን» አሉኝ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ስመኝ አልሳቀችም። ስልኳን አውጥታ ሰዓቱን አየችና መልሳ ከተተችው። በአንድ አፌ «ቀስ በል»፣ በሌላው «ቶሎ ድረስ» እያልኩ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

አምስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ፣ ከጅረቱ ዳር

ከተማው ሳይደርስ አንድ ጅረት መንገዱን ያቋርጣል። በበጋ ልጆች እየረገጡ የሚሻገሩት ነው ይላሉ። ያን ዕለት ግን ቡናማ ውሃ ድንጋይ እያንከባለለ ይወርድ ነበር። ሾፌሩ ወርዶ በዱላ ለካው፤ ከጉልበት ትንሽ ያልፋል።

«ይሻገራል» አለ።

እኔ ግን የመኪናውን በር ከፍቼ ወረድኩ። ስመኝንም ክንዷን ይዤ አወረድኳት።

«ልጄን ይዤ እዚህ ውስጥ አልገባም። ሌላ መኪና ሲያልፍ አይቼ ነው» አልኩ።

«እማዬ፣ አምስት ሰዓት ሊሆን ነው» አለችኝ።

«ይሁን።»

«ስድስት ላይ ይጠፋል እኮ ነው የምልሽ።»

«መዝገቡ ከሚጠፋና አንቺ ከምትጠፊ ማንን ልምረጥ?»

ሾፌሩ ሁለት ሰው ጥሎ ለመሄድ አልፈቀደም። ሐጂ ሰይድ «ከእናት ጋር አትሟገቱ፣ ውሃውም ይጎድላል» ብለው መቁጠሪያቸውን ያዙ። ቆምን። ዝናቡ አባርቶ ውሃው ቀስ በቀስ ሲጎድል፣ ስመኝ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች። አምስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ከወዲያ ማዶ አንድ አይሱዙ መጥቶ ያለ ችግር ተሻገረ። ጎማው እንኳ እኩሌታው አልረጠበም።

እኛም ተሻገርን። ዳገቱ ላይ ሳለን የስመኝ ስልክ ስድስት ሰዓት አለ። ስልኩን ገልብጣ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

«አለቀ» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለመስኮቱ።

የነፍሰ ጡሮቹ ክትትል፣ የሳንባ ሕመምተኞቹ መድኃኒት፣ ማን መቼ ምን እንደወሰደ የተጻፈው ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። አንድ አይሱዙ እስኪመጣ ብዬ ያን ሁሉ ያስጠፋሁት እኔ ነኝ። ልጄን ለማዳን ብዬ ልጄን ማጥፋቴ ነው እያልኩ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ሄድኩ።

ስድስት ሰዓት ተኩል፣ ጤና ጣቢያው

ካርድ ክፍሉ ከግቢው በስተግራ ያለች አንዲት ክፍል ናት። በር ላይ አምስት ያህል ሴቶች ልጅ ታቅፈው ተሰልፈዋል። ሠራተኛው ጋሽ ይርሳው ይባላሉ፤ ወደ ስድሳ የሚጠጉ፣ መነጽራቸውን በክር ያንጠለጠሉ ሰው ናቸው። ስመኝ ሰላም እንኳ በቅጡ ሳትላቸው ወደ ማሽኑ ሮጠች።

«መዝገቡ አለ? ጋሼ፣ መዝገቡ ይከፈታል?»

«ለምን አይከፈትም? ይኸው ካርድ እያወጣሁበት አይደል?»

ስመኝ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች። ብዙ ቆየች። ከዚያ ጣቷን ስክሪኑ ጥግ ላይ አድርጋ፣

«ሰዓቱን ማነው እንዲህ ያደረገው?» አለች።

ስክሪኑ ላይ ስድስት ከሠላሳ አምስት ይላል። እኔ ምን ስህተት እንዳለው አልታየኝም፤ የእኔም ስልክ ያንኑ ይላል።

ጋሽ ይርሳው ቆጣ አሉ። «እኔ ነኝ። አንድ ዓመት ሙሉ እየነገርኳችሁ ነው። እናቶችን ለስምንት ሰዓት እቀጥራለሁ፤ ወረቀቱ ሲታተም አሥራ አራት ይላል። አሥራ አራት ሰዓት የሚባል ሰዓት በየት አገር አለ? ጠዋት ጠዋት በእኛ አቆጣጠር እሞላዋለሁ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ ያ ፕሮግራማችሁ ይመልስብኛል። ዛሬ ጠዋት ሁለት ተኩል ላይ ሞላሁት፤ ተመስገን፣ እስካሁን አልመለሰብኝም።»

ስመኝ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ሳቅና ለቅሶ ተደባልቆባት ነበር።

በኋላ እንዳስረዳችኝ፣ ክላይንቱ የማሽኑን ሰዓት የሚያርመው ከኔትወርክ እያየ ነው። ኔትወርክ ስለሌለ ጋሽ ይርሳው የሞሉት ሰዓት ሳይነካ ቀረ። ለማሽኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ማለት ገና ማለዳ፣ ጎህ ሲቀድ ማለት ነው። የሚጠብቀው አሥራ ሁለት የሚሞላው በእኛ ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። አምስት ሰዓት ከምናምን ተርፎናል።

የተሳሳተውን መስመር ፈልጋ ሰረዘችው። «አለቀ እማዬ» አለች። የቅድሙ «አለቀ» ጆሮዬ ላይ ስለነበር ቃሉ አስደነገጠኝ።

ሰባት ሰዓት ተኩል፣ ምሳ ቤት

ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት ሽሮ አዘዝን፤ ለሁለት ሰው መቶ ስልሳ ብር። ስመኝ ከእሑድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በላች። እኔ ግን መብላቱን ተውኩት። የቤቴን በር ስቆልፍ የሚይዘኝ ዓይነት ነገር ነው የያዘኝ። ተዘግቷል፣ አይቻለሁ፤ ግን አይተወኝም።

«ስመኝ፣ ተመልሰን እንየው።»

«እማዬ፣ ሰርዤዋለሁ። አይተሽኛል።»

«አይቻለሁ። ጋሽ ይርሳውም ሰዓታቸውን በየቀኑ ያስተካክሉ ነበር።»

እንጀራውን አፏ ጋ እንዳደረሰች ቀረች። እጇን ሳትታጠብ ተነሥታ ሮጠች። ሒሳቡን ከፍዬ ስደርስ ማሽኑ ፊት ቆማለች። የሰረዘችው መስመር ተመልሶ ቦታው ላይ ተቀምጧል። ማንም አልነካውም። ክላይንቱ በሰዓቱ ተነሥቶ ማሽኑን ፈትሾ፣ አንድ ነገር እንደጎደለ አይቶ፣ መጨረሻ እንደታዘዘው አድርጎ መልሶታል። የልጄን ጥፋት ከልጄ እጅ ጠብቆ ያዘው።

«መጀመሪያ እሱን ማስቆም ነበረብኝ» አለች። «ማንም የሚያውቀውን ነገር። በድንጋጤ ረሳሁት።»

«አሁን በእርጋታ» አልኳት። እኔ ነኝ ያልኩት።

አሁን ሥራውን ጮክ ብላ ለእኔ እየነገረች ሠራችው። ክላይንቱን አቆመችው። የያዘውን የዓርብ ትእዛዝ አወጣች። በፍላሽ ያመጣችውን የታረመውን ትእዛዝ በቦታው አደረገች። መስመሩን ሰረዘች። ከዚያ ክላይንቱን እንደገና አስነሣችው።

«ለምን ታስነሺዋለሽ? ተኝቶ ይቅር» አልኳት።

«ከተኛ ማሽኑን የሚጠብቀው የለም። ጥፋቱ የእሱ አይደለም እማዬ፤ የነገርኩትን ነው የሠራው።»

ሁለት ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። መስመሩ አልተመለሰም። ስመኝ የማታ መኪና እንዳያመልጠን አለች፤ እኔ ግን የማሽኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳያልፍ ከዚህ አልነሣም አልኩ።

ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት

ጋሽ ይርሳው በአሥራ አንድ ሰዓት የሚዘጉትን ክፍል ሳይዘጉ ቀሩ። ሦስታችን አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረን ስክሪኑን አየን። አሥራ አንድ ከሃምሳ ስምንት። ከሃምሳ ዘጠኝ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው አሥራ ሁለት ከአንድ ይላል።

«ክፈቱት» አልኩ።

«የማንን ልክፈት?» አሉ ጋሽ ይርሳው። «የሰው ገመና ነው። የራሴን ልክፈት፣ ደም ግፊት አለብኝ።»

ከፈቱት። ከሁለት ዓመት ወዲህ ያለው ልኬት ሁሉ በተራ ተደርድሯል። መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ያለፈው ወር ጥሩ ነበር። የዛሬውን ባትለኩኝ ይሻላል» አሉ።

ያን ሌሊት እሳቸው ቤት፣ ባለቤታቸው ባነጠፉልን መደብ ላይ አደርን።

ማክሰኞ፣ ወደ ቤት

በማግስቱ ጠዋት ጅረቱ ቁርጭምጭሚት አይደርስም ነበር። ሾፌሩ ሌላ ሰው ነው፤ አላቆመም። እኔም አላስቆምኩትም፤ የስመኝን እጅ ግን እስክንሻገር ይዤ ነበር። አምስት ሰዓት ላይ ማርቆስ ገባን። የቤቴ በር እንደቆለፍኩት ነው።

ኔትወርኩ ሐሙስ ተመለሰ። ማሽኑ ዋናውን ሰርቨር ጠይቆ ደህና መሆኑን አሳወቀ፤ በዚያው ቅጽበትም ሰዓቱን አስተካከለ። ብዙም ሳይቆይ ጋሽ ይርሳው ደወሉ። «ሰዓቴን ወሰደብኝ» አሉ። ስመኝ ማሽኑ በራሱ ሰዓት እየሄደ የቀጠሮ ወረቀቱ ላይ ብቻ ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር እንዲታተም የሚያደርግ ትእዛዝ ጻፈች። ይህን መጀመሪያ በጠየቁ ጊዜ ቢሠራላቸው ኖሮ ያን ሰኞ ምን ይውጠን እንደነበር አስባለሁ፤ አስቤም እተወዋለሁ።

ፍርሃት ጥሩ ነው ልላችሁ አልችልም። የእኔ ፍርሃት ጅረቱ ዳር አንድ ሰዓት ያህል በልቶብናል፤ መዝገቡ የተረፈው በሌላ ሰው እልህ ነው። ከምሳ ላይ ያስነሣንም ያው ፍርሃት ነው። የትኛው ጊዜ ልስማው፣ የትኛው ጊዜ ዝም ላሰኘው፣ ይኸው እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ስመኝ ግን አንድ ነገር ለውጣለች። ማሽኖቹ ላይ የሆነ ነገር ስታስተካክል «አለቀ» አትልም። «እማዬ፣ ነይ ተቀመጪ» ትለኛለች። ከጎኗ እቀመጣለሁ። ግማሹን ሰዓት አብረን እንጠብቃለን፤ እሷ ስክሪኑን ታያለች፣ እኔ የግድግዳውን ሰዓት።