የተመለሰ ሰው ፓራሹት ያጥፋል

ሥራ የጀመርኩ ቀን ሰማይ ድረስ ወጥቼ ሳልዘል ተመለስኩ። ስለዚህ የዝላይ ጀግንነት የሚያወራላችሁ ሰው ከፈለጋችሁ ሌላ ፈልጉ። እኔ የማወራው ስለ መመለስ ነው።

ጊዜው ሰማንያዎቹ ውስጥ ነው። ሠራዊቱ ከተበተነ በኋላ እኛ አየር ወለድ የነበርነው ሰዎች መሬት ላይ ምን እንደሚሠራ ግራ ገብቶን ነበር። ግማሹ ዘበኛ ሆነ፣ ግማሹ ሹፌር። እኔ የታክሲ ረዳት ሆንኩ። "ጉርድ ሾላ፣ ጉርድ ሾላ" እያልኩ ስጮህ ድምፄ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። ታክሲ ሳይቆም በመውረድ ግን የሚደርስብኝ አልነበረም።

ከዚያ ያወጡኝ የድሮ አለቃዬ ሻምበል ወርቅነህ ናቸው። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያው ዳር ማሳ ላይ መድኃኒት የሚረጩ ትናንሽ አውሮፕላኖች የነበሩት አንድ ሰውዬ ነበር። ሻምበል ከእሱ ጋር ተነጋግረው አንዷን እሑድ እሑድ መከራየት ጀመሩ። ፋብሪካ ሲመረቅ፣ የስፖርት በዓል ሲኖር፣ ከሰማይ ሰው እንዲወርድለት የፈለገ ሁሉ እኛን ይጠራል። አራት ነበርን፤ ሻምበል፣ ሰይድ፣ በቀለ፣ እኔ። ሰይድ የወሎ ልጅ ነው፤ በሥራ ቀን ጉርድ ሾላ ሱቅ ይነግዳል፤ ምላሱ አያርፍም። በቀለ ሰይድ ያላወራውን ጊዜ ሁሉ ዝም ብሎ የሚሞላ ሰው ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ልምምድ ነበር። ዛሬ የቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም የቆመበት አገር ያኔ ማሳ ነው፤ እህሉ ታጭዶ ሜዳው ባዶውን ነበር። የአውሮፕላኗ በር ለዝላይ እንዲመች ተነቅሏል። ሰይድ ወጣ። በቀለ ወጣ። ተራዬ ሲደርስ በሩ ጋ ቆሜ ወደ ታች አየሁ። አንድ ገበሬ ከብት ይነዳል፤ ከብቶቹ የጤፍ ፍሬ ያክላሉ። "እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?" አልኩ ለራሴ። ይሄ ጥያቄ በር ላይ ተቆሞ አይጠየቅም። እግሬ እምቢ አለ።

እዚህ ላይ የአዘላለላችንን ነገር ልንገራችሁ። እኛ የምንዘለው በገመድ ነው። የገመዱ አንድ ጫፍ አውሮፕላኗ ላይ ይታሰራል፤ ሰውዬው ሲወጣ ገመዱ ራሱ ፓራሹቱን ይከፍትለታል። ሻምበል ግን መጨረሻ ላይ፣ ሳይታሰሩ ነው የሚወጡት። እንደ ድንጋይ ይወርዳሉ፣ ይወርዳሉ፣ ሰው "አለቀላቸው" ሲል በቀኝ እጃቸው እጀታውን ስበው ይከፍቱታል። እግራቸው ላይ ቀይ ጭስ ያስሩ ነበር። ሕዝቡ የሚመጣው እሱን ሊያይ ነው። እኛ ማዳመቂያ ነን።

ያን ቀን ግን ሻምበል አልዘለሉም። ጎትተው አስቀመጡኝ፣ ጎኔ ተቀመጡ፣ ደረቴ ላይ ያለውን የመጠባበቂያ ፓራሹት እጀታ በመዳፋቸው ሸፈኑት።

"ሻምበል፣ እርስዎ ይዝለሉ፤ እኔ እቀመጣለሁ" አልኳቸው።

"የፈራ ሰው ብቻውን አይመለስም" አሉኝ። "እጁን የት እንደሚያደርግ አያውቅም።"

እውነታቸውን ነው። የፈራ ሰው የሚይዘው ሲያጣ እጀታውን ይይዛል። መጠባበቂያው አውሮፕላን ውስጥ ከተከፈተ ንፋሱ ጨርቁን በበሩ ስቦ ያወጣዋል፤ ጨርቁ ሰውዬውን ያወጣል፤ ሰውዬው ደግሞ አውሮፕላኗን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ አንድ ሰው በር ላይ ከደረቀ የዝላይ መሪው አጠገቡ ተቀምጦ አብሮት ይወርዳል። ሕግ ነው። እስክናርፍ እጃቸውን ከደረቴ አላነሱም።

ሰይድ ከማሳው በመኪና ተጭኖ አውሮፕላኖቹ የሚያድሩበት ሃንጋር ጋ ሲደርስ እኔን ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ አገኘኝ።

"ምነው ወንድሜ፣ ደርሶ መልስ ነው እንዴ የቆረጥከው?"

ስሜ በዚያች ደቂቃ ወጣ። ከቦሌ እስከ ጉርድ ሾላ እስካሁን ደርሶ መልስ ነኝ። ልጄ የመዝገብ ስሜን ያወቀችው ትምህርት ቤት ስትገባ ነው፤ እሷም አላመነችም።

"ሻምበልም ተመልሰዋል እኮ" አልኩ ለመከላከል።

"ሥራ ላይ ያለ ሰው ተመለሰ አይባልም" አሉ ሻምበል። የማጠፊያውን ሸራ በእግራቸው ወደ እኔ ገፉት። "የተመለሰ ሰው ፓራሹት ያጥፋል። ሰማይ ላይ ያልሠራ መሬት ላይ ይሥራ።"

ይሄ የሳቸው ደንብ ነበር። ፓራሹት ማጠፍ የሁለት ሰው ሥራ ነው። ሸራ ይነጠፋል፣ ጨርቁ ይዘረጋል፣ አንዱ ጫፉን ወጥሮ ይይዛል፣ ሌላው ገመዶቹን አንድ በአንድ ለይቶ እጥፉን ያስተካክላል። የተመለሰ ሰው ግን የዘለሉትን ሰዎች ፓራሹት ብቻውን ነው የሚያጥፈው። ጫፉን የሚይዝለት ሰው የለም፤ በብረት ካስማ ነው የሚወጥረው። ሌሎቹ የሃንጋሩ በር ላይ ቁጭ ብለው ዳቦ እየበሉ ያዩታል። ድካሙ ምንም አይደለም፣ ካስማው ነው የሚያሳፍረው።

በሥራችን ብዙ የምወደው ነገር ነበር፤ ይሄን ግን አልወደድኩትም። ነገ የምትንጠለጠልበትን ጨርቅ ዛሬ አንገቱን ለደፋ ሰው መቅጫ አድርገህ ትሰጠዋለህ። ከዚያ ደግሞ ሰው ቅጣቱን ሽሽት ይዘላል። መዝለል የሌለበት ቀን ይዘላል።

በቀለ እንደዚያ ነው ቁርጭምጭሚቱን የሰበረው። ንፋሱ አቧራ ሲያስነሳ ሁላችንም ከላይ አይተናል። ዘለለና ንፋሱ ወስዶ አጥር ላይ ጣለው። ሆስፒታል ሄጄ "ንፋሱን አላየኸውም?" አልኩት።

"አይቼዋለሁ።"

"ታዲያ?"

"ካንተ ጋር ስም ከምጋራ ብዬ ነው" አለኝ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቁርጭምጭሚቱ ዛሬም ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬድዮ ቀድሞ ይነግረዋል።

እኛ ዘንድ "ፈራሁ" የሚል ሰው አልነበረም። "ሆዴን አሞኝ ነው"፣ "ጫማዬ ጠቦኝ ነው" ይባላል። "ፈራሁ" ማለት የሚፈቀድለት አንድ ሰው ነበር፤ እኔ። ስም ስላልቀረኝ የሚጠፋብኝ አልነበረም።

የሻምበልን እጅ መጀመሪያ ያየሁት ሰይድ ሱቅ ነው። ሻይ ሲጠጡ ብርጭቆው ከቀኝ እጃቸው ተንሸራቶ ወደቀ።

"ብርጭቆው ረጥቦ ነው" አሉ።

በሌላ ጊዜ ደግሞ ሸሚዛቸውን በግራ እጃቸው ሲቆልፉ አየኋቸው። ሰላምታም በግራ ሆነ፤ ቀኙ ኪስ ውስጥ ነው። ሰይድ እንኳን በዚህ አልቀለደም።

"ሻምበል፣ እስኪ ሐኪም ይየው" አላቸው አንድ ቀን።

"ጦር ሜዳ የሠራ እጅ ነው፤ ቢያርፍ ምን አለበት?" አሉና ወሬው ተዘጋ።

የበቀለ እግር ድኖ መዝለል ከጀመረ በኋላ ከጉርድ ሾላ ወዲያ፣ ወደ ምሥራቅ፣ አንድ የሳሙና ፋብሪካ ሊመረቅ ነው ተባለና ተጠራን። ባለ ፋብሪካው ሃንጋር ድረስ መጣ።

"እንግዶቼ የሚመጡት ለሽማግሌው ነው" አለ። "ቀዩ ጭስ ከሌለ ምረቃ አልለውም።"

በእኔ በኩል ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነበረኝ። ባለቤቴና ልጄ ስዘል አይተውኝ አያውቁም። ለዚያ ቀን ከፋብሪካው ግቢ ቦታ ለምኜላቸዋለሁ። ባለቤቴ ነጠላዋን አጥባ፣ ልጄ አዲስ ጫማ አድርጋ በጠዋት ሄደዋል።

ሃንጋር ውስጥ ስንታጠቅ ሻምበል የፓራሹት ማንገቻቸውን ሰይድን አስቆለፉት። ጠጋ አልኳቸው።

"ሻምበል፣ ለዛሬ እንኳ በገመድ ቢዘሉስ?"

"በገመድ? ፍየል ነኝ?"

"እኛስ?" አለ ሰይድ።

"እናንተንማ ገና ለበዓል አቆይቻችኋለሁ" አሉ። ሁላችንም ሳቅን። ሲስቁም ቀኝ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነበር።

ተነሳን። አውሮፕላኗ ጉርድ ሾላን ዞራ ከፍታ ስትይዝ ሻምበል ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ቀኝ እጃቸውን ቀስ ብለው ወደ መክፈቻው እጀታ አመጡ። ጣቶቻቸው አልታጠፉም። እንደገና ሞከሩ። ከዚያ በግራ እጃቸው የቀኙን ጣቶች እጀታው ላይ አጠፏቸው፤ ግራውን ሲያነሱ ጣቶቹ ተመልሰው ተዘረጉ። ቀና ብለው ማን እንዳየ አዩ። እኔ በመስኮት የጉርድ ሾላን ጣራ የምቆጥር መሰልኩ።

እጀታው በቀኝ ጎን ነው። በግራ እጅ ዞሮ ሊስበው የሚሞክር ሰው አየር ላይ ይገለበጣል፤ ያን እሳቸው ራሳቸው ናቸው ያስተማሩን። መጠባበቂያውም የሚከፈተው በቀኝ እጅ ነው። ዘለሉ ማለት ሞቱ ማለት ነው። ፋብሪካው ግቢ፣ ልጄ ፊት።

"ሻምበል፣ እጅዎን አይቻለሁ" ብላቸው ይዘላሉ። ምን ዓይነት ሰው እንደሆኑ አውቃለሁ። ለአብራሪው ብነግረው አፍረው ይዘላሉ። መመለስ ነውር ነው ብለው ደንቡን ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ ሰው ራሱ ባወጣው ደንብ እንዴት ይቀጣል?

ሰይድ ወጣ። በቀለ ወጣ። እኔ ተነሳሁ። እውነት ለመናገር የዚያን ቀን እግሬ እሺ ብሎኝ ነበር። ከታች የፋብሪካው አዲስ ቆርቆሮ ያበራል፣ ግቢው በሰው ተሞልቷል። በሩ ጋ ደርሼ ተመልሼ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

"ምንድነው?"

"አልችልም።"

"ተነስ። ልጅህ ከታች ናት።"

"አውቃለሁ።"

"እንግዲያው እዚያው ተቀመጥ" አሉና ወደ በሩ ተራመዱ።

ያኔ እጄን ደረቴ ላይ ወዳለው የመጠባበቂያ እጀታ ወሰድኩና ያዝኩት።

"ሻምበል" አልኩ፣ "እጄን የት እንደማደርግ አላውቅም።"

ቆሙ። እጄን አዩ፣ ፊቴን አዩ። ንፋሱ ሸሚዛቸውን ያርገበግበዋል። እግራቸው ላይ ጭሱ ታስሯል፣ ገና አልተለኮሰም። ከዚያ መጥተው ጎኔ ተቀመጡ፣ መዳፋቸውን እጀታው ላይ አደረጉ። ቀኝ እጃቸው ነበር። ክብደት እንጂ ጉልበት አልነበረውም። እኔ በእጄ ደግፌ ያዝኩላቸው፣ እሳቸው እኔን የያዙ መስለው፣ ሁለታችንም እንደዚያ ሆነን ወረድን።

ባለ ፋብሪካው ከምረቃው በኋላ ሃንጋር መጥቶ ተቆጣ።

"ዘላዬ ፈራ" አሉት ሻምበል። "ሕግ ነው፤ አብሬው ተመለስኩ።" ሰውዬው እኔን ሳሙናው አልቆ እንደቀረ መጠቅለያ አየኝ።

ልጄ ማታ "አባዬ፣ ከወረዱት ከሁለቱ አንተ የትኛው ነበርክ?" አለችኝ።

"አውሮፕላኗ ውስጥ የቀረሁት" አልኳት። ባለቤቴ ነጠላዋን አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተች። ምን እንዳሰበች ዛሬም አልጠየቅኳትም።

ግን ከዚያ በፊት የማጠፉ ነገር አለ። ሰይድና በቀለ ፓራሹታቸውን ታቅፈው ሲገቡ ሰይድ ገና ከበሩ ጀመረ።

"የዚህ ሰውዬ ቲኬት ጊዜው አያልፍበትም እንዴ?"

ሻምበል አላዩትም። "የተመለሰ ሰው ፓራሹት ያጥፋል" አሉ።

ሸራውን አነጠፍኩ፣ የሰይድን ጨርቅ ዘረጋሁ። ካስማውን ላነሳ ጎንበስ ስል ካስማው ቦታው የለም። ሻምበል በእግራቸው ወደ ግድግዳው ገፍተውታል። በጨርቁ ጫፍ በኩል ተንበረከኩ፤ ጉልበታቸው ሲንቋቋ ይሰማል። ጫፉን በግራ እጃቸው ያዙ፣ ቀኙን ከላይ ጣሉበት፣ በጉልበታቸው ተጫኑት።

"ጀምር" አሉኝ።

ሰይድ አፉን ከፍቶ ነበር። ሻምበልን አየ፣ እጃቸውን አየ፣ አፉን ዘጋ። ዳቦውን አስቀምጦ መጣና ገመዶቹን ከጎኔ ሆኖ መለየት ጀመረ። በቀለም እያነከሰ መጣ። ሁለቱን ፓራሹት አራት ሆነን አጠፍን።

ሻምበል ከዚያ በኋላ አልዘለሉም። ለምን ብሎ የጠየቃቸው የለም። እሑድ እሑድ ግን ይመጡ ነበር፣ ጫፍ ሊይዙ። የተመለሰ ሰው ሲኖር ዳቦውን ከሌሎቹ ጋር ቁጭ ብሎ ይበላል። ደንቡ እንደተሻረ አልተነገረንም፤ ካስማው ግን ከግድግዳው ሥር አልተነሳም።

ስለዚያ ቀን ያነጋገሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሰይድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ሻይ እየጠጡ፣ በግራ እጃቸው።

"ያን ቀን የእውነት ፈርተህ ነበር?"

"በጣም" አልኳቸው።

ሻዩን ጨለጡና ብርጭቆውን አስቀመጡ። "እኔም" አሉ።

አሁን በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ የምለው ይሄን ነው። በበሩ መውጣት ሥራ ነው፤ በአውሮፕላኑ መመለስም ሥራ ነው። ፓራሹት ስታጥፉ ሁለት ሁኑ።