አንድ ቤት፣ አንድ ጉልቻ

በዚያ ዘመን የእኛ ቀበሌ ቤት የሚቆጥረው በጉልቻ ነበር። ሦስት ድንጋይ ተጎልቶ እሳት ከነደደበት ያ ቤት ነው፤ የራሱ በር ካለው ደግሞ ማንም አይከራከርበትም። አንድ ሰው ሁለት ቤት እንዳይኖረው ታውጇልና፣ ሁለተኛ ጉልቻ የተገኘበት ሁለተኛው ቤቱ ትርፍ ተብሎ ይወሰድበታል። ከእኛ በላይ ያሉት ባልና ሚስት ጠላ ሊሸጡበት ብለው ለማድቤታቸው ወደ መንገድ በር ቢያወጡለት እንዲሁ ሆነባቸው። ብዙም ሳይቆይ የማያውቁት ሰው ማድቤቱ ውስጥ አልጋውን ዘረጋ፤ ሴትዮዋ ክረምቱን ሙሉ ደጅ ላይ ጆንያ ወጥራ ስታበስል ከረመች።

ይህን አስቀድሜ የማወራችሁ የእኛ ጭንቀት እንዲገባችሁ ነው። ላሊበላን ያየ ሰው ያውቀዋል፣ የጥንቱ ቤት ክብ ነው፤ በቀዩ ድንጋይ የተገነባ፣ ደርብ ያለው። ሰው ከላይ፣ ከብት ከታች። ወደ ደርቡ የሚወጣው በውጭ በኩል ግድግዳውን ታኮ በተሠራ የድንጋይ ደረጃ ነው። መደገፊያ የለው፤ ክረምት ሲሆን እንደ ሳሙና ያሙለጨልጫል። የባሌ እናት፣ እምዬ ነበር የምላቸው፣ ከዚያ ደረጃ ላይ ወደቁ። ወጌሻው ዳሌያቸውን ቢያሽላቸውም እግራቸው እንደ ድሮው አልሆነም።

ከዚያ ወዲያ ደርብ ላይ ቀሩ። ቅዳሴው በመስኮት ይሰማቸዋል፣ ሄደው ሊያስቀድሱ ግን መውረድ የለም። ባሌ አዝሎ ሊያወርዳቸው ሲል «ሬሳ መሰልኩህ እንዴ?» ይሉታል። ማለዳ ማለዳ ነጠላቸውን አጣፍተው መስኮቱ ሥር ሲያለቅሱ አገኛቸዋለሁ፤ ሲያዩኝ «ጭሱ ነው» ይሉኛል፣ እሳት ሳይነድ።

እናላችሁ መከርን። ላሚቱን ፍላቂት ላለችው ለባሌ እህት ሰደድናት፣ በጎቹን ሸጥን፣ ምድር ቤቱን ጠርገን ለእምዬ አሰናዳነው። በሩ ግን የከብት በር ነው፤ ሰው እንደ ጥጃ ካላጎነበሰ አይገባበትም። ባሌ ቀበሌ ሄዶ «ግድግዳዬ ተሰንጥቋል፣ ላድሰው» ብሎ አስፈቀደ። መሰንጠቁስ እውነት ነው። ስንጥቁን ሲጠግን ግን በዚያው በሩን ከፍ አደረገው፣ ለብርሃንም ወደ መንገድ የምታይ አንዲት ትንሽ መስኮት አወጣ። ፈቃድ ያገኘነው ለስንጥቁ ነው፤ ለበሩም ለመስኮቷም ማንንም አልጠየቅንም።

እምዬ ሲወርዱ ጉልቻቸውን አስከትለው ወረዱ። ቀዩ ድንጋያችን እሳት አይችልም፣ ይሰነጠቃል፤ ለጉልቻ የሚሆነው ጥቁሩ የወንዝ ድንጋይ ነው፤ የእምዬም ሙሽራ ሆነው በመጡበት ጊዜ ራሳቸው መርጠው ያመጧቸው ናቸው። ለደርቡ ደግሞ ባሌ ሌላ ሦስት አመጣልኝ። ደስታዬን ምን ብዬ ልንገራችሁ! እዚያ ቤት ከገባሁ ጀምሮ አንድ ቀን ወጥ አማስዬ አላውቅም። ውሃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ ሽንኩርት መክተፍ የእኔ ነው፤ ማማሰያው የእሳቸው ነው። «እጅሽ ይቸኩላል» ይሉኛል። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሴቶቹ ምንጭ ላይ «ዛሬስ ድስቱን አሳዩሽ?» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። አሁን የራሴ እሳት፣ የራሴ ድስት፣ የራሴ ጨው ሆነልኝ።

እምዬም በምርኩዛቸው ቤተ ክርስቲያን መሳም ጀመሩ። ፊታቸው በራ።

ብዙም አልቆየ፣ ማስታወቂያ ተለጠፈ። መሠረተ ትምህርት ተምሬ ፊደል ከለየሁ ወዲህ በየግድግዳው የተለጠፈው ሁሉ አያመልጠኝም ነበርና ቆሜ አነበብኩት። ያለ ቀበሌው ፈቃድ በር ማውጣት፣ ክፍል መቀጠል፣ የከብት ማደሪያውን የሰው መኖሪያ፣ የሰው መኖሪያውን ንግድ ቤት ማድረግ ክልክል ነው ይላል። ኮሚቴ እሑድ ቤት ለቤት እየዞረ ያያል፤ የራሱ በርና የራሱ ማብሰያ ያለው ክፍል እንደ ቤት ይቆጠራል። አዲስ የተመደበ የመንግሥት ሠራተኛ መጥቶ ቤት እየተፈለገለት መሆኑን ሰምተናል። የኮሚቴው ሊቀመንበር ደግሞ ባለፈ ባገደመ ቁጥር በራችን ጋ ቆም ይላል። አንድ ቀን ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ አደረገና፣

«ጥሩ በር ነው» አለኝ። «ሰው በቁሙ ይገባበታል።»

ቅዳሜ ከእራት በፊት ባሌ እናቱ ፊት ተንበረከከ።

«እምዬ፣ ጉልቻዎቹን ለነገ ብቻ እናንሳቸው።»

«የማንን?»

«የእርስዎን። ሰዎቹ አይተው ይሂዱ እንጂ መልሼ እጎልታቸዋለሁ።»

«የሴት ጉልቻ የሚነሣው ስትሞት ነው» አሉ። «አባትህ ሲሞት እንኳ አልተነሣም።»

«ቤቱን ይወስዱታል እኮ! የማናውቀው ሰው እዚህ ይገባል፣ እርስዎም ተመልሰው ደርብ ሊወጡ ነው!»

«ደርብ ከወጣሁማ የምወርደው በቃሬዛ ነው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! እኔ የማውቀው ጉልቻዬን ነው።»

ባሌ ተነሥቶ ወደ ምድጃው እጁን ሲሰድ ምርኩዛቸውን አነሡ። «ንካና እኔንም አብረህ አንሣኝ።» ያን ማታ ሁላችንም በየፊናችን ተኛን። እራቱን ማንም አልበላውም።

እሑድ ጠዋት ባሌ እናቱን ደግፎ ወደ ቅዳሴ ወሰዳቸው። እኔ ደርብ ላይ ምስር ጥጄ ቀረሁ። እሳቱን እያየሁ ተቀመጥኩ። ሁለት ጉልቻ ካልተፈቀደ አንዱ መነሣት አለበት፤ የእምዬ እንደማይነሣ ደግሞ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ብዙ ማሰብ አላስፈለገውም። ግን መነሣት አቃተኝ። አንዲት ሴት ጉልቻዋን በገዛ እጇ ስታነሣ ማን አይቶ ያውቃል? ትዳሯ ያልፈረሰ፣ ራሷ ያልሞተች!

ተነሣሁ። እሳቱን አጠፋሁ፣ ድንጋዮቹን በጨርቅ እየያዝኩ አንድ በአንድ በደረጃው አወረድኩ። ጨርቁን አልፎ ይፋጃል፤ መዳፌ ተላጠ። ውሃ አፍስሼ ካበረድኳቸው በኋላ ጥቀርሻ የለበሰውን ፊታቸውን ወደ መሬት ደፍቼ ደረጃው ሥር አስቀመጥኳቸው። ምስሩንም አውርጄ በእምዬ ጉልቻ ላይ ጣድኩት፣ እፍ ብዬ አነደድኩት። እንደ ሌባ ወደ በሩ ዞር ዞር እል ነበር፤ እምዬ አልፈቀዱልኝማ! ቀጥዬ ወደ ላይ ሮጥኩና እሳቱ የነበረበትን ጠርጌ ወለሉን በእበት ለቀለቅሁት። ጨርሼ ወገቤን ሳላቀና «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ሊቀመንበሩ ነው። ካኪ ልብሱን ለብሷል፤ አንድ የኮሚቴ አባልና ጠመንጃ የያዘ አብዮት ጠባቂ ተከትለውታል። ወደ ደርቡ ወጡ። ሊቀመንበሩ ከደጃፉ ቆሞ እርጥቡን ወለል አየ።

«በሰንበት ትለቀልቂያለሽ?»

«ጓድ ሊቀመንበር» አልኩት፣ «በሰንበት ሥራ ክልክል አይደለም ብላችሁ ያስተማራችሁን እናንተ አይደላችሁም?»

ጠመንጃ የያዘው በአፍንጫው ሳቀና ሊቀመንበሩ ዞር ሲልበት ሳል አስመሰለው።

እኔ ግን የሚያስቅ ነገር አልታየኝም። ወለሉ እየደረቀ ነበር። ሌላው ቦታ ገና እርጥብ ሆኖ ሳለ እሳቱ የነበረበት፣ ከሥሩ ያለው የደርቡ አፈር ትኩስ ስለሆነ፣ ክብ ሆኖ ነጣ ነጣ ማለት ጀመረ። እያየሁት ይሰፋል። ምን ላድርግ? ሄጄ ቆምኩበት። ቀሚሴን ዘርጋ አድርጌ እንደ ሐውልት ተገተርኩ፤ ውስጥ እግሬ ይለበለባል።

«ማብሰያችሁ የታለ?» አለ።

«ታች ነው።»

«እዚህ አታበስሉም?»

«ድንጋይ ታያለህ ወይ ጓድ?»

ዞር ዞር ብሎ አየ። ጣሪያውን ቀና ብሎ ተመለከተ፤ ጥቀርሻ አለበት፣ ግን የማን ቤት ጣሪያ ጥቀርሻ የለበትም? «ምነው ተገተርሽ፣ አሳልፊን እንጂ» አለኝ። «እለፉ፣ እኔ አስከትላለሁ» አልኩ፣ ሳልነቃነቅ። አየኝ። ከዚያ እግዜር ይስጠው፣ ቀድሞኝ ወረደ።

ምድር ቤት ገቡ። በሩን በክንዱ ለካው፣ በመስኮቷ አንገቱን አውጥቶ መንገዱን አየ። ከጉልቻው ፊት ቆመ።

«የማን ነው?»

«የቤቱ ነው። የሁላችንም።»

«አማትሽ ድስት ለሰው እንደማያስነኩ እኔም አውቃለሁ እኮ» አለ ፈገግ ብሎ። «እሳቸው እዚህ ለብቻቸው ካበሰሉ ይኼ ለብቻው ቤት ነው። ይምጡና ከአፋቸው እንሰማለን።»

ወጥቶ ደረጃው ሥር ከተደፉት ድንጋዮች አንዱን በእግሩ አንከባለለና ተቀመጠበት። ጥቀርሻው ፊት ወደ ላይ መገልበጡን እኔ አየሁ፤ እሱ አላየም። አሁን ዝቅ ብሎ ቢመለከት ሁሉም አለቀ።

እምዬ በልጃቸው ተደግፈው ከመታጠፊያው ብቅ አሉ። ባሌ ሰዎቹን ሲያይ ቀለሙ ተለወጠ። እምዬ ግን ሰዎቹን አላዩም። ያዩት ደረጃው ሥር የተደፉትን ሁለት ድንጋዮች ነው። ምርኩዛቸውን ተክለው ቆሙ። ከዚያ ሊቀመንበሩ የተቀመጠበትን ሦስተኛውን አዩ። ከዚያ ወደ እኔ፣ ወደ እጄ። መዳፌን ነጠላዬ ውስጥ ሸሸግሁት።

«እማማ» አለ ሊቀመንበሩ ሳይነሣ፣ «አንድ ነገር ይንገሩን። ውስጥ ያለው ጉልቻ የእርስዎ ነው ወይስ የልጅዎ ሚስትም ታበስልበታለች?»

እምዬ እውነቱን የሚናገሩ ሴት ነበሩ፤ ገና ከቅዳሴ መመለሳቸው ነው። የባሌን እስትንፋስ እሰማለሁ። የኮሚቴው አባል ብዕሩን ከፈተ።

ምን ሸተተኝ መሰላችሁ? ምስሩ።

«አንቺ!» አሉ እምዬ ድንገት፣ ድምፃቸው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ የሚሰማ። «ወጡ እያረረ ምን ቆመሽ ታይኛለሽ? ገብተሽ አማስዪው እንጂ! ጨውም አድርጊበት፤ እኔ ቅዳሴ በሄድኩ ቁጥር ትረሺዋለሽ!» ወደ ሊቀመንበሩም ዞሩ። «አንተስ በሕፃንነትህ ያዘልኩህ ልጅ፣ ትልቅ ሰው ቆሞ አንተ ትቀመጣለህ?»

ሊቀመንበሩ ብድግ አለ። እኔ ገባሁ። የእምዬ ማማሰያ ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ነው፤ እጄ እስኪደርስበት ዓመት የፈጀ መሰለኝ። ሁሉም በበሩ ያዩኛል። አማሰልኩ። ጨው አደረግሁ። ከሥር ይዞታል፣ ግን ማን ግድ አለው።

ሊቀመንበሩ «አንድ ጉልቻ» አለ ብዕር ለያዘው። «አንድ ቤት ብለህ ያዘው።» ከዚያ ለባሌ፣ «መስኮቷን በድንጋይ ድፈናት፣ አላስፈቀድክም። በሩንም አላስፈቀድክም፤ ለእሳቸው ስል ትቼዋለሁ። ግን ስማኝ። ከዛሬ ወዲያ ከደርቡ ጭስ ሲወጣ ካየሁ ታችኛው ቤት የእናንተ አይደለም።»

ሽቅብ መንገዱን ሲወጡ ከኋላው አየነው። በካኪ ሱሪው መቀመጫ ላይ ጥቁር ጥቀርሻ ተለጥፏል። በሌላ ቀን ቢሆን ሆዳችንን ይዘን በሳቅን ነበር። ባሌ ከንፈሩን ነክሶ ቀረ። ቤቱ ደርሶ ሱሪውን ሲያወልቅ ያያል፤ የላስታ ልጅ ነው፣ ምን ላይ እንደተቀመጠ ለማወቅ አይቸግረውም። ያንን ቀን ኮሽ ባለ ቁጥር ተመለሱ እያልን ዋልን።

በማግሥቱ ምንጭ ወረድኩ። የሊቀመንበሩ ሚስት ሱሪውን ድንጋይ ላይ ዘርግታ በእንዶድ ታሻለች። ሳያት እንስራዬን ይዤ ልመለስ አልኩ፤ ጠራችኝ።

«ነይ እስኪ አንቺ። ምን ላይ ነው ያስቀመጣችሁብኝ?»

«ድንጋይ ላይ» አልኩ።

«ድንጋይስ ድንጋይ ነው።» ሱሪውን አንሥታ አሳየችኝ። «ይኼንን ስጥብ ያረጀሁ ሴት ነኝ፤ የጉልቻ ጥቀርሻ ይጠፋኛል?»

እንስራዬን መሬት አስቀመጥኩ። «ነገርሽው?»

«ጠየቀኝ። የተቃጠለ ጉቶ ላይ ተቀምጠህ ይሆናል አልኩት።» ማሸቷን ቀጠለች። «ያቺ አሮጊት እናቴን አዋልዳለች። ደርብ ተሰቅላ ስታለቅስ ትኑር?» ውሃ ረጨችበትና ቀና አለች። «ድንጋይሽን ግን ከደጅ አንሺልኝ እቴ። ሌላ ሱሪ የለውም።»

ያን ዕለት ባሌ ሦስቱን ድንጋዮች ከምድር ቤቱ ደፍ ሥር ቀበራቸውና ለእናቱ መርገጫ አደረጋቸው። መስኮቷንም ደፈናት። ደርባችን ያ መንግሥት እስኪወርድ ድረስ አንድ ቀን ጭስ ሳይወጣበት ኖረ። እምዬ በየማለዳው የእኔን ጉልቻ ረግጠው ቅዳሴ ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ ምርኩዛቸውን ያስደግፉና በእሳቸው ጉልቻ ላይ የተጣደውን ድስት ይከፍታሉ። ማማሰያውን መልሰው ከእጄ አልወሰዱትም። ይቀምሱና ግን ያው ነው፣

«ጨው አነሰው» ይሉኛል።