የቡላ መርዶ

ጋሼ ይልቃል ለሀሞት ጠጠር ሊቀደዱ ሆስፒታል ሲገቡ ውሻቸውን ቡላን አደራ የሰጡት ለእኔ ነው። «ራኬብ፣ ጠዋትና ማታ ዎክ አድርጊው፣ አንሸራሽሪው። መድኃኒቱን በጉበት ጠቅልለሽ ስጪው። ደረጃ ላይ ግን እንዳታስቸኩዪው፣ አደራ» አሉኝ። ስለ ራሳቸው ሆድ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። እንደ ፈረንጆቹ 2016 ነው፤ ለእኛ ዐቢይ ጾም ነበር። እኔ ሽሮ እየበላሁ ለቡላ ጉበት መቁረጥ ያዝኩ።

የምንኖረው እዚህ ባሕር ማዶ፣ የአበሻ ሱቅ ከሞላበት ከፌርፋክስ ጎዳና ሁለት መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ እሳቸው ሁለተኛ ፎቅ፣ እኔ ምድር ቤት። ሥራዬ ክሬንሾው ሰፈር አንዲት አሮጊት መንከባከብ ነው። ሰው ሳጥብና ሳገላብጥ ውዬ ስመለስ የራሴን ጫማ ለማውለቅ እንኳ አቅም አይኖረኝም። እሺ ያልኳቸው ደግ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ፤ እምቢ ማለትም ጉልበት ስለሚጠይቅ ነው።

ጋሼ ይልቃል ሃያ አራት ዓመት ታክሲ ነድተዋል። አንድ ቀን አንዲት ተሳፋሪ ኤርፖርት ስትወርድ ቡችላዋን «ወደ ውሻ መጠለያ አድርስልኝ» ብላ የመንገዱን ከፍላ ሄደች። መጠለያው በር ድረስ ወስደውት ይዘውት ተመለሱ። «አንጀትዎን በላው አይደል?» ስንላቸው አያምኑም። «ወረፋው ረጅም ነበር» ነው መልሳቸው። ይኸው ያ ወረፋ አሥራ ሦስት ዓመት ሆነው። ሰው በስልኩ መኪና መጥራት ሲጀምር ታክሲው ቀዘቀዘ፤ እሳቸውም ተዉት። ከዚያ ወዲያ ሥራቸውም ወሬያቸውም ቡላ ሆነ። ሚስት የላቸውም። አንዲት ልጃቸው ሃይሚ አዲስ አበባ ናት፤ ያን ሰሞን የመውለጃ ቀኗ ደርሶ ነበር።

የእኛ ሰው ቀለደባቸው። ቅመም ሱቅ ያላቸው እትዬ ሙሉዬማ በሩ ላይ ባዩአቸው ቁጥር «ይልቃል፣ ዛሬስ ልጅህ ቁርሱን በላ?» ይሏቸው ነበር።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ቡላ ገና ያልተከፈተ ምግብ ቤት ፊት ለፊት እግረኛ መንገዱ ላይ ቁጭ አለ። ለሥራ ረፍዶብኛል። «እኔም ደክሞኛል እኮ! ተነስ እንጂ!» ብዬ ገመዱን ሳብኩት። ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ አገጩን እግሮቹ ላይ አሳረፈ፤ በቃ። ልቡ ነው አለ በኋላ ሐኪሙ። የጮኽኩበትን ጩኸት ግን ማንም አይመልስልኝም።

የጋሼ ይልቃል የታክሲ ጓደኛ ጉግሳ መጥቶ በአንሶላ ጠቅልለን የእንስሳት ክሊኒክ ወሰድነው። ባለቤቱ መጥቶ እስኪወስን በቀዝቃዛ ክፍል እናቆየዋለን አሉን። ቀሪው መንገር ነው። ፈረንጅ ቢሆን ደውሎ ነግሮ ይገላገላል፤ እኛ ሞት በስልክ አንናገርም። አማከርኩ፤ ምክሩን ቀምተው የያዙት ደግሞ እነዚያው ሲያሾፉ የኖሩት እትዬ ሙሉዬ ናቸው።

«ቁስሉ ሳይደርቅ? በሆስፒታል አልጋ ላይ? በጭራሽ!» አሉ። «ቤቱ ይግባ፣ አንድ ሌሊት ይተኛ። እሑድ ማለዳ ከቤት ሳይወጣ ሦስት ሆነን እንነግረዋለን።»

ቅዳሜ ሲመጡ ዋሸኋቸው። «ከነስፌትዎ ሊጎትትዎ ነው ብላ የእህቴ ልጅ ገሊላ ኖርዝ ሆሊውድ ወስዳዋለች።»

«ትራሱንስ ወሰደችለት?»

«ወስዳለታለች።» ትራሱ እኔ ቤት ከበሩ ኋላ ነበር።

እሑድ ሲነጋጋ ደረጃው ሥር ተገናኘን። ጉግሳ ጥቁር ኮት ለብሷል። እትዬ ሙሉዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ልክ ሰው እንደሞተበት ቤት መጥተዋል። «ኧረ እትዬ፣ ይህንን እንኳ ያስተካክሉት» ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ግን አዳሬን አልተኛሁም፤ ክርክር ደከመኝ፤ ተውኩት። ከሁሉም የሚቆጨኝ ይህ ነው።

ጉግሳ አንኳኳ። ጋሼ ይልቃል ሆዳቸውን በአንድ እጅ ደግፈው ከፈቱ። መጀመሪያ ነጠላውን አዩ። ከዚያ ሰዓቱን። ከዚያ ሦስታችንን።

«ሃይሚ ናት?» አሉ በቀጭን ድምፅ። «ወይኔ ልጄን! ምጡ ነው? ልጄን!» ጀርባቸው በግድግዳው እየተንሸራተተ ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

«አይደለችም! ቡላ ነው! ቡላ ነው የሞተው!» ብለን ሦስታችንም ጮህን። አራት ቀን የመከርንበት መርዶ በአንድ ጩኸት አለቀ።

«ቡላ?»

«ቡላ ነው ጋሼ፣ ውሻው ነው!»

ጋሼ ይልቃል ሁለት እጃቸውን ወደ ጣሪያው ዘረጉ። «ተመስገን! ኡፍፍ... ተመስገን አምላኬ!» አሉና ሳቁ። ስፌቱ እያመማቸው ሳቁ። ጉግሳም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ እትዬ ሙሉዬ እልል ለማለት ምንም አልቀራቸውም።

ከዚያ የጋሼ ይልቃል እጆች ቀስ ብለው ወረዱ።

ሌሎቹ «እግዜር ያጽናህ» ይበሉ አይበሉ ሳያውቁ ተሰናብተው ወጡ። እኔ ቀረሁ፤ ሻይ አፈላሁ፤ አልነኩትም። እንዴት እንደሞተ ነገርኳቸው፤ ገመዱን መሳቤን ሳይቀር። በዚያ አልተቆጡኝም።

«ሰማሽኝ አይደል?» አሉኝ። «ተመስገን አልኩ እኮ።»

«ሃይሚ መስላዎት ነዋ! እግዚአብሔር ያውቃል።»

«እሱማ ያውቃል። ቡላ ነው የማያውቀው።»

ምን ይባላል? ለሰው ቢሆን ሠልስት አለ፣ አርባ አለ፤ ሰው ያጽናናል፤ እህል ይመጣል። ለውሻ ግን ምንም ሥርዓት የለንም። እትዬ ሙሉዬ አፍረው አንድ ማሰሮ ምስር ላኩ። ጉግሳ ክሊኒክ ወስዷቸው ስለ ቡላ ሬሳ ፈርመው መጡ። በየማለዳው ሆዳቸውን ደግፈው ያንኑ መንገድ ብቻቸውን ይዞራሉ። አንዳንዴ አብሬ እወጣለሁ፤ ሁለታችንም ደክሞን እንመለሳለን።

ልብ ያልኩት በሳምንቱ ነው። መንገድ ላይ ሰው «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ? ተሻለዎት?» ይላቸዋል። ማንም አበሻ በእንቅልፍ ልቡ የሚመልሳትን መልስ እሳቸው አይመልሱም። «ደኅና ነኝ» ይላሉ። በቃ፣ ደኅና ነኝ። ቄሱ እንኳ ጠይቀዋቸው «ደኅና ነኝ አባ» ብለው አለፉ።

ከመርዶው በአሥራ ሁለተኛው ቀን ስልካቸው ሲጮኽ እኔ ቁስላቸውን እያጸዳሁላቸው ነበር። ስፒከር ላይ አደረጉት።

«አባዬ! ወንድ ወለድኩ! እኔም ደኅና ነኝ፣ እሱም ደኅና ነው!» ሃይሚ ናት፤ ከኋላዋ እልልታ ይሰማል። «አባዬ? ትሰማኛለህ? ተመስገን በል እንጂ!»

ጋሼ ይልቃል አፋቸውን ከፈቱ። ቃሉ አልወጣም። ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ትከሻቸው እየተናጠ። ሃይሚ የደስታ መስሏት እዚያ ማዶ እሷም አለቀሰች።

ስልኩን ወደ እኔ ገፉት።

«አንቺ በይልኝ» አሉ።

«ተመስገን» አልኩላቸው።