የዘሩባቤል ሁለት አባቶች

ዛሬም ሺሺንዳ ገበያ የማር ሰፈፍ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው ልቤ ድንግጥ ይላል።

በደርግ ጊዜ ቦንጋ ያለችው ጸሎት ቤታችን ስትታሸግ፣ ጋሼ መጽሐፍ ቅዱሱን ባዶ ቀፎ ውስጥ ደበቁት። ጋሼ የአባቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ አባቴ ሳልወለድ ሞቶ እናቴን ያገቡት እሳቸው ናቸው።

አንድ ቀን ሰፈፍ ሰፈፍ የሚሸተውን መጽሐፍ ከቀፎው አውጥተን ስናነብ ግራ ገባኝ።

«ጋሼ፣ ዘሩባቤል ዜና መዋዕል ላይ የፈዳያ ልጅ ነው፤ ዕዝራ ላይ ደግሞ የሰላትያል። የቱ ነው ውሸቱ?»

«ውሸትማ የለም። ሰላትያል ሳይወልድ ሞቶ፣ ወንድሙ ፈዳያ ሚስቱን ወርሶ ይሆናላ! ልጁ በሟቹ ስም ይጠራል። አንቺንስ በወንድሜ ስም ያስጠራሁሽ ስሙ እንዳይጠፋ አይደል?» አሉኝ፣ የማውቅ መስሏቸው።

ለካ የወለዱኝ እሳቸው ናቸው! «አባዬ» ልላቸው አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «ጋሼ» ነበር፤ መቃብራቸው ላይ ቆሜም የምለው ያንኑ ነው።