ቀድሞ የጨረሰ ዞሮ ይመጣል

ሥራ የጀመርኩ ቀን ትምህርት ቤቴ የደረስኩት በትራክተር ተጎታች ላይ፣ በበቆሎ ዘር ጆንያ መሃል ተቀምጬ ነው። ከአሶሳ ከተማ እስከ ሰፈራው መንደር ያለው መንገድ ቀይ አቧራ ነበርና ስወርድ ነጩ ሸሚዜ ነጭ አልነበረም። ከመምህራን ማሰልጠኛ ከተመረቅኩ ገና ወር አልሞላኝም። የሃያ ዓመት ልጅ ነኝ፤ ሁሉን የማውቅ ይመስለኛል።

ርዕሰ መምህሩ ጋሽ ዱጋሳ የወለጋ ሰው ናቸው። ከላይ እስከ ታች አይተውኝ፣ «ጫማሽን ቀይሪ፤ እዚህ በተረከዝ አይኬድም» አሉኝ። እንኳን ደህና መጣሽ ማለታቸው ነበር። ከዚያ ትምህርት ቤቱን አስጎበኙኝ፤ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ግድግዳው ቀርከሃ፣ መቀመጫው ቀርከሃ፣ ጣሪያው ሣር። ደወሉ ከማረሻ የወለቀ የትራክተር ዲስክ ነው፤ በብረት ሲመቱት ወንዝ ማዶ ይሰማል።

«አንደኛ ክፍል ያንቺ ነው። ስልሳ ሦስት ልጅ፣ ዘጠኝ የንባብ መጽሐፍ» አሉኝ።

«የቀሩት መጽሐፎች መቼ ይመጣሉ?»

ጋሽ ዱጋሳ ሳቁ። ሳቃቸው መልስ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ልጆቹ ሁለት ወገን ነበሩ። አንዱ ወገን በሰፈራ ከወሎ የመጡት፣ ድርቁን ያዩ፣ ወንድም እህታቸውን ቀብረው የመጡ ልጆች ናቸው። ሌላው ወገን የአገሩ ልጆች፣ በርታዎች ናቸው። መሬቱ የነሱ ነበር፤ ሰፋሪው ሲመጣ ግን ማንም አላማከራቸውም። ልጆቹ ስለዚህ አንድም ቃል አይናገሩም። የወሎዎቹ በበሩ በኩል፣ በርታዎቹ በመስኮቱ በኩል ይቀመጣሉ፤ መሃሉን የደፈረ የለም።

በሁለተኛው ቀን አቶ ሙሳ የሚባሉ የበርታ ገበሬ ልጃቸውን ይዘው መጡ። እኔን «ሙዐሊማ» ነው የሚሉኝ፤ በነሱ አፍ አስተማሪ ማለት ነው።

«ሙዐሊማ፣ ይሄ ልጄ ሐሊማ ነው። አንድ ዓመት ይማራል። ካነበበ ይቀጥላል። ካላነበበ ቤት ይገባል፣ እናቱን ያግዛል።»

ሐሊማ ሴት ናት። የአቶ ሙሳ አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም፤ እኔም የሳቸውን ቋንቋ አንዲት ቃል ስለማላውቅ ለመሳቅ አፍ አልነበረኝም። ከኋላቸው አራት ጎረቤቶቻቸው ቆመዋል። አቶ ሙሳ ወደነሱ አመለከቱ።

«እነዚህም ሴት ልጅ አለ። ሐሊማን ያያል፣ ከዚያ ይወስናል።»

እንግዲህ በአንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ላይ የአምስት ልጆች ዕጣ ተንጠለጠለ። «ግድ የለም፣ በሦስት ወር ታነባለች» አልኩ። ምን አስቸኮለኝ!

በመጀመሪያው ሳምንት ሰሌዳው ላይ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብዬ ጻፍኩና አሥር አሥር ጊዜ አስገለበጥኳቸው። ገልብጠው ሲጨርሱ ለመጽሐፍ ተሻምተው ተደባደቡ።

ከዚያ በሰባት በሰባት ከፋፍዬ ዘጠኝ ቡድን አደረግኳቸውና አወዳደርኳቸው። ያሸነፈ ቡድን ዲስኩን ይደውላል። ዘመኑ ሁሉ ነገር በውድድር የሚሠራበት ነበርና ትልቅ ብልሃት መሰለኝ። በሳምንቱ የአንዱ ቡድን መጽሐፍ ጠፋ። ብንፈልግ ብንፈልግ፣ ይመር የሚባል ፈጣን የወሎ ልጅ ከሸሚዙ ሥር ሸጉጦት ተገኘ።

«ለምን ደበቅከው?»

«ወላሂ እትዬ፣ ጠላት እንዳያነበው ነው!»

ጆሮውን ቆነጠጥኩት። ያኔ እጄ ፈጣን ነበር፤ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ። ጠላት ያደረግኳቸው እኔ ነኝ፣ የተቆነጠጠው እሱ።

ሐሊማም አፏን ሳትከፍት ወራት አለፉ። የቀሩት ደግሞ በአንድ ድምፅ እየጮኹ ያነባሉ፤ እኔም ደስ ይለኛል። አንድ ቀን ለአንዱ ቡድን መጽሐፉን ዘቅዝቄ ሰጠሁት። አንድም ሳይደናቀፉ ወረዱት! ለካ ሁሉም በጆሮ ነው የሚያነቡት። ያን ቀን ዲስኩ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። ጋሽ ዱጋሳ አይተውኝ፣ «ነገ የትምህርት ቤቱ ማሽላ ይቆረጣል፤ ማጭድ ይዘሽ ነይ፣ ይወጣልሻል» አሉኝ።

በማግስቱ የወሎዎቹም የበርታዎቹም ወላጆች ወጡ። የወሎዎቹ «ደቦ ነው» ይላሉ፤ አቶ ሙሳ «ነፊር ነው» ይላሉ፤ ሥራው ያው ነው። ሁሉም አንድ አንድ መስመር ይዞ መቁረጥ ጀመረ። የይመር አባት ማጭዱ እሳት ነው፤ መስመሩን ጨርሶ ከማሳው ዳር ደረሰ። አሁን ጥላ ፍለጋ ይሄዳል ስል ዞረና የእኔን መስመር ከወዲያኛው ጫፍ ይዞ ወደ እኔ እየቆረጠ መጣ። መሃል ላይ ተገናኘን። እኔ ሩቡን እንኳ አልሠራሁም፤ መሃል ያልኩት ለክብሬ ነው።

«ደክሞኝ አይደለም» አልኩት።

«አብሽሪ እትዬ፣ ደንቡ ነው። ቀድሞ የጨረሰ ዞሮ ይመጣል። ማንም ብቻውን ማሳ ውስጥ አይቀርም።»

አቶ ሙሳም ማዶ ላይ ለአንዲት የወሎ አሮጊት ዞረውላት ሲቆርጡ አየሁ። እዚያው ሳለን የገበሬ ማኅበሩ መልእክተኛ መጥቶ አንድ የታጠፈ ወረቀት ሰጣቸው። ፊታቸው ጠቆረ። በዚያ ዘመን ጎረምሳ ልጅ ያለው ሰው ወረቀት ሲመጣበት አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያስበው፤ ውትድርና። አቶ ሙሳ ደግሞ የደረሰ ወንድ ልጅ አላቸው።

«ላንብብልዎት?» አልኳቸው።

«የለም ሙዐሊማ። ያነበበ ሰው ያወራል። ሐሊማ ያነባል።» ወረቀቱን ቆባቸው ውስጥ ከተቱት።

ቤቴ ገብቼ ምላጭ አነሳሁ። የዘጠኙንም መጽሐፍ ክር ፈትቼ፣ ቅጠሎቹን ከማጠፊያቸው ላይ ሰነጠቅኳቸው። የመንግሥት ንብረት መሆኑን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ እልህ ይዞኝ ነው። በማግስቱ ቡድኖቹን በታተንኩና የወሎና የበርታ ልጆችን አደባልቄ እንደገና በሰባት በሰባት አስቀመጥኳቸው። የአንዱ መጽሐፍ ቅጠል ለሰባት ታደለ። ታሪኩ እንዲሞላ ሰባቱም ማንበብ አለባቸው፤ አንዱ ካላነበበ በታሪኩ ያለው ጅብ ከገባበት ጉድጓድ ሳይወጣ ይቀራል።

ጋሽ ዱጋሳ ሲያዩ «ያ ዋቃ!» አሉ፤ ሲደነግጡ ወደ ኦሮምኛቸው ነው የሚመለሱት። «ልጄ፣ ይሄ ያሳስርሻል።»

«ቀድሞ የጨረሰ ዞሮ ይርዳ» ብዬ ለልጆቹ ነገርኳቸው። እኔ እንዲያው አግዙ ማለቴ ነው። ይመር ግን የገበሬ ልጅ አይደል? አንድ ቀን የራሱን ቅጠል ፊደል በፊደል ለቅሞ ጨርሶ «ዞርኩ!» አለና የሐሊማን ቅጠል ከመጨረሻው መስመር ይዞ ወደ ላይ ማንበብ ጀመረ። የታችኛውን መስመር አንብቦ ከሱ በላይ ያለውን፣ እሱን ጨርሶ ደግሞ ከዚያ በላይ ያለውን። ሐሊማ ከላይ እየወረደች፣ እሱ ከታች እየወጣ፣ ጣትና ጣታቸው ገጹ መሃል ሲጋጭ ሁለቱም በሳቅ ፈነዱ። የሐሊማን ድምፅ የሰማሁት ያኔ ነው።

«እንዲህ አይነበብም!» ብዬ ልቆጣ አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ከታች ወደ ላይ በጆሮ ማንበብ አይቻልማ! ፊደሉን ማየት ግድ ነው። ደግሞም ከታች ያነበበ ታሪኩ ተዘበራርቆበት ከላይ እንደገና ካላነበበው አይተኛም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍሌ «ዞርኩ! ዞርኩ!» የሚባልበት ማሳ ሆነ።

ከገና በኋላ መጻፍ ጀመርን። ከግንበኞች የሲሚንቶ ከረጢት ለምኜ፣ አራግፌ ቆረጥኩት። እያንዳንዱ ልጅ ስለ ቤቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፤ አጠገቡ ያለው ልጅ አንብቦ ካልገባው ይታረማል። ይመር «አባቴ በማጭድ ሰው ይቀድማል» አለ። ሐሊማ ሦስት ቀን ለፍታ «ፍየላችን መንታ ወለደች» ብላ ጻፈች። ስልሳ ሦስቱን ገጽ በዚያው ከመጽሐፎቹ በፈታሁት ክር ሰፋነው። ሁሉም የኔ ነው ይላል፤ ማንም ግን አልደበቀውም።

ሰኔ ላይ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት አንድ ሱፐርቫይዘር ሊፈትን መጣ። ወላጆች ከዳሱ ውጭ ቆመው በቀርከሃው ስንጥቅ ያያሉ። ሰውዬው መጀመሪያ መጽሐፍ ጠየቀ። ቅጠሎቹን በካርቶን አቀረብኩለት። ጉድ ፈላ!

«ጓድ አስካለ! የመንግሥት ንብረት በምላጭ?»

«ጓድ፣ ልጆቹ ሲያነቡ ይስሙና ከዚያ ይፍረዱ» አልኩ።

ስም ጠርቶ ሐሊማን አወጣት። ከካርቶኑ አንድ ቅጠል መዘዘና ሰጣት። አራት መስመር ወረደችና አንድ ቃል ላይ ቆመች። የአቶ ሙሳ ዓይን በስንጥቁ በኩል ይታየኛል። ያኔ ከኋላ ወንበር «ዞርኩ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ይመር ሰተት ብሎ መጥቶ፣ ሱፐርቫይዘሩን ከቁብ ሳይቆጥር፣ ጣቱን የመጨረሻው መስመር ላይ አሳርፎ ወደ ላይ ያነብ ጀመር።

«ምንድን ነው ይሄ? ፈተና ላይ? ማጭበርበር!» ሰውዬው ወረቀቱ ላይ ሁለት ዜሮ ጻፈ፤ አንዱን ለሐሊማ፣ አንዱን ለይመር።

ይመር ግራ ገብቶት አየኝ። ማጭበርበር ምን እንደሆነ ማን ነግሮት! እኔ ዓመቱን ሙሉ ደንብ ያልኩትን ነው የፈጸመው። ፈተና ግን ለብቻ የሚሠራ መሆኑን መንገር የረሳሁ እኔ ነኝ።

አቶ ሙሳ ገቡ። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ነው የገቡት።

«ልጄ አነበበ?» ሲሉ ጠየቁ።

«በሰው እርዳታ ነው ያነበበችው። ብቻዋን አልቻለችም። ብትቀጥልም ይሄን ገጽ ሸምድዳዋለች» አለ ሱፐርቫይዘሩ።

አቶ ሙሳ ቆባቸውን አወለቁ። ወረቀቱ ከመታጠፉ ብዛት ሊበጠስ ደርሷል። «ይሄን አልሸመደደም። ይሄን ማንም አላየም» ብለው ለሐሊማ ሰጧት።

ሐሊማ ዘረጋችው። ይመር ሊነሳ ሲል በዓይኔ መለስኩት። እሷም ጣቷን የመጀመሪያው ፊደል ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ጀመረች።

«ለ… አቶ ሙሳ። ፍ…» ቀና ብላ አባቷን አየች፤ ዓይኗ በራ። «ፍየል! ፍየሎችህን… ለክ… ለክት… ለክትባት… ማክሰኞ… ጠዋት…»

ሱፐርቫይዘሩ ሳያውቀው ከወንበሩ ተነስቶ በትከሻዋ ላይ አጎንብሷል። ከንፈሩ አብሯት ይንቀሳቀሳል። «ወደ… ገ… ገበ…» ስትል ሰውዬው አላስቻለውም፤ ጣቱን የወረቀቱ መጨረሻ ላይ አሳረፈና «…ይዘህ ቅረብ» አለ። ሐሊማ «ገበያው ሜዳ» ብላ ደረሰችበት። ጣትና ጣታቸው ተጋጨ።

«ዞሩ!» ብሎ ይመር ጮኸ። «እትዬ፣ እሳቸውም ዞሩ!»

ስልሳ ሦስት ልጅ በሳቅ ዳሱን ነቀነቀው። አቶ ሙሳ ግን ገና አልገባቸውም ነበር።

«ወታደር የለም?» አሉ በቀስታ።

«የለም፣ አባ። ፍየል ብቻ ነው» አለች ሐሊማ።

አቶ ሙሳ መሬቱ ላይ ቁጭ አሉ። «ሰባት ወር! ሰባት ወር እንቅልፍ የለም! ፍየል ነው!» እያሉ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ፍየሎቹ ሳይከተቡ ከርመዋል፤ ደህና ናቸው አሉን።

ሱፐርቫይዘሩ ጉሮሮውን ጠረገ። ጣቱን አየ፣ እኔን አየ፣ እስክሪብቶውን አወጣና ሁለቱንም ዜሮ ሰረዘ። ለእኔ ግን ምሕረት አላደረገም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ጡረታ እስክወጣ ከፋይሌ ውስጥ አልወጣም። መጽሐፎቹንም እንድሰፋቸው ታዘዝኩ። ክሩ በልጆቹ መጽሐፍ አልቆ ስለነበር በጆንያ ክር ሰፋኋቸው፤ ልጆቹ ቅጠሉን በየተራው አቀበሉኝ።

መስከረም ላይ ዲስኩ ሲደወል አቶ ሙሳ መጡ። ሐሊማ ወደ ሁለተኛ ክፍል ሮጠች። እሳቸው ግን አልሄዱም። ከኋላቸው አራቱ አባቶች፣ በአራቱ አባቶች እጅ አራት ሴት ልጆች አሉ።

«ሙዐሊማ፣ እነዚህ ገና አያነብም» አሉኝ። «ሐሊማ ከሰዓት ይዞርላቸዋል።»

ሠላሳ አንድ ዓመት አስተማርኩ። ለወጣት መምህራን የምለው ይህን ነው፦ ቀድሞ የጨረሰ ልጅ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥ፤ ወዳልጨረሰው ይዙር። ፈተና ሲደርስ ግን ፈተና መሆኑን አስቀድማችሁ ንገሩት።