ከቮልሷ ሥር የተነጠፈ ካርቶን

ጋሽ ሰላሙ መኪና ሲያዳምጡ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ወሰን ሰፈር ወዳለው ጋራዣቸው የሚመጡ ደንበኞች ይህን ስለለመዱት ሞተር ያስነሱና ዝም ይላሉ፤ ስልክ የሚያወራ ካለ በዓይን ይቆጡታል። እሳቸው አንድ እጃቸውን መኪናው ላይ አሳርፈው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ከሩቅ ስማቸው የተጠራ ይመስል ይቆያሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው "እዚህ ጋ ነው" ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜም እዚያው ጋ ነው።

እኔ ይህን የማውቀው መካኒክ ሆኜ አይደለም። የምሠራው ባንክ ቤት ነው፤ የካ ዳገቱ ላይ ባለው ግቢያቸው ከኋላ ያለችውን ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች መኪና በተበላሸባቸው ቁጥር ወደ እሳቸው ይዣቸው ስለምሄድ ሥራቸውን ደጋግሜ አይቻለሁ። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝምና መጀመሪያ ላይ ይህ ዓይን መጨፈን ያናድደኝ ነበር። ሥራ ነው ወይስ እንቅልፍ እል ነበር በሆዴ።

ከሁሉም የሚገርመው ግን ጋሽ ሰላሙ አለመንዳታቸው ነው። መንጃ ፈቃድ አላቸው፤ ጊዜውን ጠብቀውም ያሳድሱታል። ከጋራዡ በር አልፈው ግን መሪ አይጨብጡም። የተጠገነ መኪና ሲሞከር የሚነዳው ባለቤቱ ነው፤ እሳቸው ጎን ቁጭ ብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እስከ መገናኛ ደርሰው ይመለሳሉ። ምክንያቱን አንድ ቀን ጠየቅኳቸው።

"አንቺ ብትነጂ ሙዚቃ ነው የምትሰሚው" አሉኝ። "እኔ የምሰማው ብሎኑን ሁሉ ነው። ይቺ ብትላላስ፣ ያቺ ብትበጠስስ እላለሁ። ሰው ደፍሮ የሚነዳው እኮ ምን ምን ሊበላሽ እንደሚችል ስለማያውቅ ነው።"

"ታዲያ በየቀኑ የሚሳፈሩበት ሚኒባስ ብሎን የለውም?"

"እሱ የሹፌሩ ጣጣ ነው። እኔ ዓይኔን እጨፍናለሁ" አሉና ሳቁ።

ግቢው ውስጥ ከኮክ ዛፉ ሥር አንዲት ክሬም ቮልስ ቆማለች። አንድ የድሮ ደንበኛቸው ዓይናቸው ደክሞ መንዳት ሲያቆሙ "ከአንተ ሌላ ማን ያዝንላታል" ብለው የሰጧቸው ናት። ጋሽ ሰላሙ በየጠዋቱ ይወለውሏታል፣ ሞተሯን አስነስተው ያሞቋታል፣ ትንሽ ያዳምጧታል። ከዚያ ያጠፏትና ታክሲ ፍለጋ ቁልቁል ይወርዳሉ። ምክንያቱም ቮልሷ ዘይት ታንጠባጥባለች።

የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው። በግራና በቀኝ፣ ከጎማዎቹ አጠገብ ዝቅ ብለው ሁለት የቫልቭ ክዳኖች አሉ፤ በክዳኑና በሞተሩ መካከል የምትገባው ጋስኬት የሚሏት ቀጭን የቡሽ ክፈፍ ናት። ቡሿ ስታረጅ ትደርቃለች፣ ትሰነጠቃለች፣ ዘይቱም በዚያ በኩል ጠብ ጠብ ይላል። ጠብታው የጋለ ቱቦ ላይ ሲያርፍ የተቃጠለ ዘይት ሽታ መኪናው ውስጥ ይገባል። ይህን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የሰው ቮልስ በዚህ በሽታ ጋራዥ ስትመጣ ሻይ ፉት እያሉ ቀይረው ይሸኟታል። የራሳቸው ግን ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ ያው ናት። ከሥሯ ካርቶን አንጥፈውላታል፤ ማታ ከሥራ ሲገቡ ካርቶኑን ይጎትቱና ጥቁሩን ነጠብጣብ ለባለቤታቸው ያሳያሉ።

"ዛሬም እያለቀሰች ነው" ይላሉ።

እትዬ ሠናይት ካርቶኑን ያያሉ፣ "እሺ" ይላሉ፣ ወደ ቤት ይገባሉ። ይህ "እሺ" ነበር እኔን የሚያበግነኝ።

እትዬ ሠናይት በልጅነታቸው ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክመው ይወርዱ ነበር። መንገዱ ሲጠመዘዝ ከተማው በአንዴ ብቅ የሚልበት ቦታ አለ። ሁሉም ተሸካሚ እዚያ ያርፋል፤ ግን ቁጭ ብሎ አይደለም። ሸክሙ አንዴ ከወረደ መልሶ የሚያሸክም ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ ጎንበስ እንዳሉ ሸክሙን ከአፈሩ ግድግዳ አስደግፈው፣ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ይቆሙና መንገዳቸውን ይቀጥላሉ።

"አዲስ አበባን ከላይ ያየሁት አጎንብሼ ነው" አሉኝ አንድ ቀን ልብስ እያጠብን። "አንድ ቀን እዚያች ቦታ ቁጭ ብዬ ባየው ደስ ይለኛል። ሸክም ሳይኖርብኝ።"

ቮልሷ ግቢ የገባች ዕለት ጋሽ ሰላሙ በራሳቸው አፍ "እዚያ ቦታሽ የምወስድሽ እኔ ነኝ" ብለዋቸው ነበር። እኔ በታክሲ ልውሰድዎት ብዬ ስንት ጊዜ ለምኛለሁ። "ሰላሙ ነው ቃል የገባልኝ" ብለው እንቢ አሉኝ። ይህ በእንዲህ እንዳለ የጉልበታቸው ሕመም እየባሰ ሄደ። ባለፈው ክረምት ከሰርቪሱ እስከ በረንዳው ለመድረስ ግድግዳ መያዝ ጀመሩ። "ትንሽ ከቆየሁ ቮልሷ ውስጥ ልግባ ብልም እግሬ አይታጠፍልኝም" አሉኝ፤ ይህን ሲሉ እንኳን ፊታቸው አልተቆጣም። እኔ ግን ተቆጣሁ። እንደ ራሴ ጉዳይ አንገበገበኝ።

እሑድ እሑድ ከሰዓት ቮልሷ ትመረመራለች። ጋሽ ሰላሙ በጀርባቸው ተኝተው ከሥር ይገባሉ፤ እትዬ ሠናይት ዱካ ላይ ተቀምጠው ባትሪ ያበራሉ። ክዳኑ ይወልቃል፣ ይጠረጋል፣ ጋስኬቷ ወደ ብርሃን ወጥታ ትገላበጣለች። ከዚያ ጋሽ ሰላሙ "አሁንም ትሠራለች" ብለው ያችኑ ደረቅ ቡሽ መልሰው ይገጥሟታል። አዲሶቹ ጋስኬቶች ከነላስቲካቸው በረንዳው ምስማር ላይ ተሰቅለዋል፤ እኔ ወደዚህ ግቢ ስገባም እዚያው ነበሩ።

አንድ ሐሙስ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ቤት ነበርኩ። ጋሽ ሰላሙ ቮልሷን አሙቀው ከሄዱ ቆይተዋል። እትዬ ሠናይት ከበረንዳው ጠሩኝ።

"ሔራን፣ ስልክሽ መብራት አለው አይደል?"

ስወጣ ማዳበሪያ ከቮልሷ ኋላ ጎማ አጠገብ አንጥፈው አየሁ። በአንድ እጃቸው ካቻቢቴ፣ በሌላው እነዚያን አዳዲስ ጋስኬቶች ይዘዋል።

"እትዬ፣ ጉልበትዎትስ?"

"የታመመው ጉልበቴ ነው፤ ጀርባዬ ምን ሆነ?" አሉና እኔን ተደግፈው ተኙ።

ሞተሩ መብረዱን በመዳፋቸው ሞከሩ። ክዳኑን አንቆ የያዘውን ወፍራም ሽቦ በካቻቢቴው ወደ ታች ገፉት፤ ቀጭ ብሎ ወረደ። ክዳኑ ሲላቀቅ ውስጡ የቀረው ዘይት እኔ የያዝኩት ሳፋ ውስጥ ፈሰሰ። ክዳኑ ላይ የተጣበቀውን አሮጌ ቡሽ ቀስ ብለው ፋቁት፤ እንደ ደረቀ ቂጣ ተፈረፈረ። ጠርዙን በጨርቅ ደጋግመው አበሱ። አዲሷን ጋስኬት በክዳኑ በኩል ብቻ ግሪስ ቀብተው አስቀመጧት፣ ዙሪያዋን በጣታቸው ዳሰሱ፣ ከዚያ ክዳኑን ገጥመው ሽቦውን ወደ ላይ መለሱት። ወደ ሌላኛው ጎማም ዞረን ያንኑ ደገሙ። ዘይቱ እስከ ነጠላቸው ደርሶ ነበር። ሲጨርሱ አዲስ ነጭ ካርቶን አነጠፉና ልብሳቸውን ሊቀይሩ ገቡ።

ዓርብ ጠዋት ጋሽ ሰላሙ እንደ ልማዳቸው ቮልሷን አስነስተው አሞቋት። ማታ መጥተው ካርቶኑን ጎተቱ። ነጭ ነው። ገለበጡት፤ በዚያም ነጭ ነው። ቅዳሜም አሙቀው አጠፏት፤ ማታ ካርቶኑ እንደነጣ ነበር። በዚህ ጊዜ ከነሥራ ልብሳቸው ተንበርክከው ከሥር ገቡ፣ እዚያም ብዙ ቆዩ። እግራቸው ብቻ ነበር የሚታየኝ። እኔ ልብስ የማሰጣ መስዬ አንዱን ፎጣ ደጋግሜ እጨምቃለሁ።

"ማነው የነካት?" አሉ ከሥር።

"እኔ ነኝ" አሉ እትዬ ሠናይት በረንዳው ላይ ሆነው።

"ግሪስ በሁለቱም በኩል ቀባሽ?"

"በክዳኑ በኩል ብቻ። አንተ ለሰው እንደምታደርገው።"

ጋሽ ሰላሙ ወጡና መሬቱ ላይ ተቀመጡ፤ ጀርባቸውን ጎማው ላይ አስደገፉ።

"ሠናይት፣ እኔ እኮ እፈራለሁ" አሉ።

"አውቃለሁ" አሉ እትዬ ሠናይት። "እኔም ያንን ቁልቁለት በየቀኑ እፈራው ነበር። እየፈራሁ ነበር የምወርደው።"

ፎጣውን ትቼ ወደ ክፍሌ ገባሁ። በጋሽ ሰላሙ ላይ የያዝኩት ቂም ሁሉ የት እንደገባ አላውቅም፤ ብቻ አንጀቴን በሉት።

እሑድ ማለዳ የካ በጉም ተሸፍና አደረች። እትዬ ሠናይት "አንቺ ምስክር ትሆኛለሽ" ብለው ከኋላ አስቀመጡኝ። እሳቸው እግራቸውን በእጃቸው አንስተው አንድ በአንድ አስገቡ፤ ገባላቸው። ጋሽ ሰላሙ ካርቶኑን አጥፈው ከእግሬ ሥር አኖሩና መሪውን ጨበጡ። ዓይናቸው መገለጡን በመስተዋቱ አረጋገጥኩ።

ቮልሷ እያጉረመረመች ዳገቱን ያዘች። ቤቶቹ አለቁ፣ ባሕር ዛፉ በግራና በቀኝ መጣ፣ ጉሙ ከግንዶቹ መካከል እየወጣ መንገዱን ይሻገራል። ከኋላችን ከተማው አልነበረም። ከፊታችንም ከትንሽ አስፋልት በቀር ምንም የለም። ሰው በሕልሙ የማያውቀው አገር ሲሄድ አይደነግጥም አይደል፣ እንደዚያ ነበርን። ጋሽ ሰላሙ ደጋግመው ቆመው፣ ወርደው፣ ከሥር አይተው፣ አሽትተው ተመለሱ። "የለም" ይላሉ። በመጨረሻ ሲመለሱ "ምንም የለም" ያሉት ትንሽ ቅር ብሏቸው መሰለኝ። የቅጠሉ ሽታ ብቻ ነበር የሚገባው፣ እርጥብና ቀዝቃዛ።

እትዬ ሠናይት ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። መኪናው ሲጠመዘዝ ሰውነታቸው ቀድሞ ያዘነብላል። አንድ ጥምዝ ላይ ስንደርስ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ "እዚህ ጋ ነው" አሉ።

እዚያው ጋ ነበር። የአፈሩ ግድግዳ በሸክም ብዛት ተፍቆ ለስልሶ ነበር፤ ከሥሩ ያለው ሣር ጤዛ ይዟል። ጋሽ ሰላሙ ካርቶኑን አምጥተው ዘረጉት። አንዲት ጠብታ አልነበረበትም። እትዬ ሠናይትን ከግራና ከቀኝ ይዘን ቀስ አድርገን አስቀመጥናቸው። እግራቸውን ዘረጉ፣ ነጠላቸውን ሰበሰቡ፣ ቀና አሉ። ጉሙ እየሳሳ ሲሄድ ጣሪያዎቹ በየቦታው ብቅ ብቅ አሉ፣ የካ፣ ሲግናል፣ ከዚያ ወዲያ ስሙን የማላውቀው ሁሉ።

"ሰፊ ነው እኮ" አሉ እትዬ ሠናይት። "እንዲህ ሰፊ አልመሰለኝም ነበር።" እንባቸው ወረደ፤ አልጠረጉትም። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ያስለቅሳል አይባልም። ጋሽ ሰላሙ ከካርቶኑ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጣሪያዎቹን በዓይናቸው ተከተሉ። እሳቸውም ከተማውን ከላይ አይተውት አያውቁም ነበር።

ፀሐይዋ ስትጠነክር ተነሣን። ጋሽ ሰላሙ ቁልፉን ይዘው ቮልሷ አጠገብ ቆሙ። ቁልቁለቱን አዩት። ፊታቸው አመድ መሰለ።

"መውጣቱስ ወጣሁ" አሉ። "ቁልቁለት ላይ ግን ፍሬን…"

"ፍሬኑን ማን ሠራው?"

"እኔ።"

"እንግዲያውስ ግባ። መንገዱን እኔ እነግርሃለሁ።"

ነገሯቸውም። "እዚህ ጋ ቀስ በል፣ ያንሸራትት ነበር" ይላሉ። "አሁን ወደ ውስጥ ተጠጋ፣ ሸክሙ ወደ ገደሉ ይስባል። እዚህ ቀለል ይላል፣ ትንሽ ልቀቅ።" አስፋልት ከሆነ ቆይቷል፤ ጋሽ ሰላሙ ግን እንደተባሉት ሁሉ አደረጉ። ቮልሷ ቅጠል የተሸከመች ሴት በምትሄድበት ፍጥነት ወረደች። ከኋላችን መኪና ተሰልፎ ክላክሱን ያቀልጠዋል። እኔ በመስኮት አንገቴን አውጥቼ "ቸኩላችሁ የት ልትደርሱ ነው!" ብዬ ጮህኩባቸው። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።

"ቀጥሎስ?" አሉ ጋሽ ሰላሙ። ግንባራቸው በላብ ረጥቧል፤ ድምፃቸው ግን ረግቷል።

"ቀጥሎ ማረፊያ ነው። ሁሌም እዚህ እናርፍ ነበር።"

ጋሽ ሰላሙ ዳር ያዙ። ቁልቁለት ላይ መኪና እንደሚቆመው መሪውን ወደ ውስጥ አዙረው፣ የፊት ጎማዋን ከአፈሩ ግድግዳ ቀስ አድርገው አስጠጉና ሞተሩን አጠፉ። እትዬ ሠናይት ጎማዋን አዩ፣ ግድግዳውን አዩ፣ እንደ ልጅ ሳቁ።

"እኔን አስመሰልካት እኮ! አስደገፍካት!"

ጋሽ ሰላሙም ሳቁ፤ እጃቸውን ከመሪው ላይ አነሡ። እትዬ ሠናይት ያዙላቸው። የተሰለፉት መኪኖች አንድ በአንድ አለፉን፤ እኛ እዚያው ትንሽ አረፍን።