ናፍጣ የምትጠጣው ሴሊካ

«ግፋ! ግፋ እንጂ ሰዲቅ! ሙሽራዋ ልትቀቀል ነው!»

ሰዲቅ ይገፋል። የሰርጉ ሸሚዝ ጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ አዲሱ ጫማው አስፋልቱ ላይ እየተንሸራተተ፣ የገዛ ሴሊካውን ከኋላ ይገፋል። ወደ ማጀቴ ሙሽራ ታደርሳለች የተባለችው መኪና ከሸዋ ሮቢት ወጣ እንዳለች ቀጥ ብላለች። እህቱ ኑርሃን ነጭ ሻርፕ ተከናንባ ውስጥ ተቀምጣለች፤ ሚዜዋ ናጅዋ በካርቶን ታራግብላታለች። የደሴው መንገድ ከባድ መኪና ሁሉ ጡሩምባውን እየነፋ ያልፋል።

«አውሮፕላን ናት ስትለን አልነበር?» አለ ባለባጃጁ ጓደኛው ረድዋን። «በል ክንፏን ዘርጋና እንሂድ!»

ሰዲቅ ማሾና ሽንኩርት የሚነግድ ልጅ ነው እንጂ መካኒክ አይደለም። ሴሊካዋን ያገኛት አንድ ጋራዥ ጓሮ ነው። ቀይ፣ ሁለት በር፣ መሬት የምትስም የድሮ ስፖርት መኪና፤ ዶሮ ይተኛባታል። የራሷ ሞተር ሞቶ፣ የበፊቱ ባለቤት ከተገለበጠ ሚኒባስ የወጣ የናፍጣ ሞተር ሊገጥምላት ጀምሮ ሰልችቶት ትቷታል። ሰዲቅ አንዴ አያትና ልቡ እሷ ጋ ቀረ። ገበያ በሌለበት ቀን ሁሉ ከሥሯ ተጋድሞ ይውላል። ሽቦ ቀጠለ፣ ራዲያተር አስበየደ፣ ሞተሩ የሚቀመጥበትን ብረት አስለክቶ አስቆረጠ። የተነሣች ቀን ደስታው አቅሉን አሳተው።

ችግሩ ድምጿ ነው። እንደ እህል ወፍጮ ትንኳኳለች። ምን ሆና ነው ሲሉት «የስፖርት መኪና ድምፅ እንዲህ ነው፤ መቼ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» ይላል። የሚኒባስ ሞተር ነው ብሎ ለማንም አልተነፈሰም። ናፍጣውንም «ለአጎቴ የመስኖ ፓምፕ ነው» እያለ በጀሪካን ነው የሚያስቀዳው።

ዛሬ ጠዋት ታዲያ አጎቱ ሷሊሕ መጡ። በነሱ ቤት ሙሽራ ስትወጣ የእናቷ ወንድም ለመጓጓዣዋ የሚሆን ነገር ሳይዝ አይሸኝም። ድሮ ለበቅሎዋ ገብስ ነበር አሉ። አጎት ሷሊሕ ደግሞ በዚህ ቤንዚን እንደ ወርቅ በጠፋበት ሰሞን፣ መንገድ ዳር ከምትሸጠው ከከበቡሽ ለምነው አንድ ጀሪካን ይዘው ከተፍ አሉ።

«ይኸው ለበቅሎዋ ገብሷ! ቢስሚላህ!» ብለው የነዳጅ ታንከሩን ክዳን ከፍተው ይገለብጡባት ጀመር።

ሰዲቅ አየ። «ናፍጣ ነው የምትጠጣው» ማለት አንድ ቃል ነበር። ግን ረድዋን አጠገቡ ቆሟል፤ ልጃገረዶቹ ድቤ እየመቱ ዓይናቸው እሱ ላይ ነው። ውስጥ ያለው ናፍጣ ቤንዚኑን ያሸንፈዋል፣ ማጀቴ ያደርሰናል አለ በልቡ።

አላደረሳቸውም።

ኑርሃንን ከኋላ ይከተል በነበረው አጃቢ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፍራሽና ከሣጥኗ መሃል ሸጎጧት። ከሴሊካዋ ስትወርድ ወንድሟን አየችው። «ፀሐይ እንዳይመታህ፣ ጥላ ያዝ» አለችው። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ሚኒባሱ ሲሄድ ረድዋን ጎንበስ ብሎ ታንከሩን አሸተተ። «ቤንዚኑ ነው ባክህ! ከበቡሽ ውሃ ቀላቅላ ነው የሸጠችላቸው።»

በረድዋን ባጃጅ ሲከተሉ የመጡት አጎት ሷሊሕ ክው አሉ። የሳቸውና የከበቡሽ ማሳ ኩታ ገጠም ነው፤ ከአንድ ቦይ በየተራ ሲያጠጡ ነው የኖሩት። ባሏ ሲሞት መቃብሩን ከቆፈሩት አንዱ እሳቸው ናቸው።

«ከበቡሽ? እኔን? ለሙሽራ ነው ብያት?» ወደ ሰዲቅ ዞሩ። ድምፃቸው ተሰብሯል። «ልጄ፣ አፉ በለኝ። እህትህን በኔ እጅ አዋረድኳት።»

ሰዲቅ የታንከሩን ክዳን ዘጋ።

«ሄጄ ጀሪካኗን ሁሉ ደጇ ላይ እደፋዋለሁ። ከእንግዲህ ከሷ ጋር ውሃ አልጋራም» አሉ አጎት ሷሊሕ።

«ይግቡ አባባ፣ እኔ አደርስዎታለሁ» አለ ረድዋን፤ ባጃጁን አስነሣ።

አንድ እግራቸውን አስገብተዋል።

«አጎቴ፣ ቆይ» አለ ሰዲቅ። «ቤንዚኑ ንጹሕ ነው።»

«በምን አወቅህ?»

«መኪናዋ… ሞተሯ የሚኒባስ ነው። በናፍጣ ነው የምትሄደው።»

ረድዋን ሊስቅ አፉን ከፈተና የሽማግሌውን ፊት ሲያይ መልሶ ገጠመው።

«ቤንዚኑን ስጨምርባት የት ነበርክ?»

«አጠገብዎ።»

«እያየኸኝ?»

«እያየሁዎ።»

ሽማግሌው ሁለተኛውን እግራቸውን አስገቡና ባጃጁ ዞሮ ሄደ። ወደ ከበቡሽ ይሁን ወደ ቤታቸው፣ ለረድዋን የት እንዳሉት አልተሰማም።

ሰዲቅ መኪናዋን ተደግፎ ቀረ። ማጀቴ ሲደርሱ የሙሽራዋ ወንድም የት አለ መባሉ አይቀርም። ይሂድ? ሄዶስ ለኑርሃን ምን ይላታል? አጎቱስ ሰላምታውን ይቀበሉት ይሆን? እንጃ። ምንም አያውቅም።